የደበዘዘውን ሳደምቅ

ባለፈው ሳምንት፣ ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ መለስ ሲል፣ የእኅቴ የልጅ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ «እማማ የሺ፣ እስቲ ይችን ሴትዮ እዩልኝ» አለችኝ። አየሁ። አንዲት ሴት ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ጎድጎድ ባለ ጥቁር ድንጋይ ላይ ውኃ ጠብ አድርጋ፣ ከጣት የማትረዝም ጥቁር ዘንግ ድንጋዩ ላይ ቀስ እያለች ታሽከረክራለች። አጠገቧ ነጭ ወረቀት ተዘርግቷል። የሚያጣድፋት ነገር ያለ አይመስልም። «ምን እየፈጨች ነው? ኩል ነው?» አለችኝ ልጅቱ። «ቀለም ነው» አልኋት። «ጃፓኖች ቀለም እንዲህ ነው የሚያዘጋጁት።» «እርስዎ ደሞ የጃፓንን ነገር ከየት አወቁት!» ብላ ሳቀችብኝና ስልኳን ይዛ ወደ ሌላ ነገር አለፈች። ስልክ ሽታ የለውም። እኔን ግን ጥላሸቱም፣ ሙጫውም፣ ካፉሩም አንድ ላይ ሸተተኝና ከተቀመጥሁበት መነሣት አቃተኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከመቀመጫዬ የሚያስቀረኝ ጉልበቴ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጉልበቴ አልነበረም።

ያኔ እኔ በመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ታይፕ ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ድካም ነው። የእኔው ከባድ ስለነበረ ዳር ያሉትን ፊደሎች ለመምታት ትንሿ ጣቴ አልበቃ ብላኝ በመሐል ጣቴ እረዳት ነበር። ፈተና ሲደርስ ስቴንስል ላይ እመታለሁ፤ የተሳሳትሁትን ጥፍር ቀለም በሚመስል ማረሚያ እደፍናለሁ፤ ደርቆ እንደገና እመታበታለሁ፤ ከዚያ የማባዣውን እጀታ እያዞርሁ ለመላው ክፍል የሚበቃ ወረቀት አወጣለሁ። ደመወዝ ስቀበል ቀጥ ብዬ የምሄደው ወደ እንድሪስ ሱቅ ነበር። የደሴው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ጭቃ ለብሶ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ ነው፤ በአንድ በኩል ላምባ በቆርቆሮ ይሰፈራል፣ በሌላው በኩል ሻሽና የናይለን ካልሲ ተንጠልጥሏል። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ሦስት ጓደኛ ጋብዞ ይኮራ ነበር። እንድሪስ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ደህና ዘፈን ሲጀምር የምናልፍ ሁሉ ዕቃ እንደረሳ ሰው እርምጃችንን እናዘገያለን። ባለሽንሽን ቀሚስ ነበረኝ፣ ጠመኔ እየቀባሁ የማነጣው ሸራ ጫማም ነበረኝ፤ እንዲያ ሆኜ በዚያ ማዕዘን ሳልፍ የሚያየኝ ሰው ከሌለ ተመልሼ እንደገና አልፍ ነበር። ዛሬ እዚያ የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ ያውም በሩ የተከፈተ ቀን።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ላይ፣ በመቃ ብዕር፣ በእጃቸው መጽሐፍ የሚጽፉ ማለት ነው። የከተማው ሰው «የኔታ» ይላቸዋል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ብራናው ከወግዲ በኩል ከሚመጣ የፍየል ቆዳ ነው፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተፍቆ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ይሳሳል። ጥቁሩ ቀለም ከድስት ቂጥና ከኩራዝ አፍ ከተፋቀ ጥላሸት ነው፤ ከተቆላ እህል ጋር ተወቅጦ ለወራት ይቦካል፤ ሲቦካ ቤታችን ዝናብ የመታው ጎተራ ይሸታል። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሥራውን ሁሉ ለእኔ አሳዩኝ። በወስፌ መስመር አሰምራለሁ፣ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ መቃውን እቀርጻለሁ። ፊደል አጣጣሉንም ተክኜዋለሁ። ሴት መጽሐፍ አትጽፍም የሚል ቃል ተጽፎ አላየሁም፤ የጻፈች ሴትም አላየሁም። ስለዚህ እኔ የመንግሥት ደብዳቤ እመታለሁ፣ እሳቸው የእግዚአብሔርን ይጽፋሉ። በዚህ ይቀልዱብኝ ነበር፤ «የአንቺ አለቃ ማኅተም አለው፣ የእኔ አለቃ ግን አይሻርም» ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዘመን ለአንዲት የገጠር ማርያም መጽሐፍ ይዘው ነበር፤ ትልቅ፣ ባለሁለት ዓምድ። የመጨረሻ ሥራዬ ነው ይሉ ነበር። በየክፍሉ መጨረሻ በቀይ ቀለም ስማቸው ይገባል፤ አንባቢው እዚያ ሲደርስ «ጸሐፊውን ማርልን» ብሎ ያልፋል። ለአባቴ ይህ ሁሉ ነገራቸው ነበር። መሬት አልነበራቸውም። ስማቸውን ተሸክሞ የሚቀድስም ሆነ የሚያርስ ልጅ አልነበራቸውም። «ሰው ተዝካሩ አንድ ቀን ይበላና ይረሳል፤ እኔ ግን ያች ደብር እስካለች ድረስ ስሜ በየዓመቱ ይጠራል» ሲሉ፣ ሌላው ሰው ስለ ርስቱ ሲናገር የሚያሰማው ድምፅ ነበራቸው። ታዲያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ድክመቱ ቀስ ብሎ ስለመጣ እሳቸው አላወቁትም፤ ቀኑ ደመነ ይላሉ፣ ቀለሙ ቀጠነ ይላሉ። እኔ ግን አየሁ። መቃው ቀለሙን ጨርሶ ባዶውን ሲሄድ አይታያቸውም፤ ከሦስትና ከአራት ፊደል አንዱ አመድ መስሎ ይቀራል። ደብዛዛ ፊደል ደግሞ በእሳቸው ትምህርት ነውር ነው፤ አንባቢውን በቅዳሴ መሐል ያደናቅፋል። ካህናቱ ይህን ቢያዩ ብራናውን ይወስዱባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ለሰርክ ጸሎት ሲወጡ ጠብቄ፣ የእሳቸውን መቃ ይዤ፣ የደበዘዘውን ሁሉ በፊደሉ መንገድ ላይ እየሄድሁ አደምቀው ጀመር። ትንሽ በትንሽ ሦስት ዓመት አለፈ። ሲመለሱ የብራናውን ቅጠል ከፊታቸው አርቀው፣ ደግሞ አቅርበው ያዩና «እጄ ገና ነው፣ ተመስገን» ይላሉ። እኔም «ገና ነው አባዬ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጃፓናዊቱ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። የሳይንስ አስተማሪ ሆና ለሁለት ዓመት ተላከች። ስሟ ሀሩኮ ነበር፤ ከተማው ሁለት ቀን ሞከረውና በሦስተኛው ቀን «ሐረጓ» አላት፤ እሷም ወደደችው። ትንሽ፣ ፀጉሯ እንደ ወንድ የተቆረጠ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰማያዊ ሹራብ የምትለብስ ሴት ነበረች። አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማረች ሁሉን «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ ተማሪውንም፣ ዘበኛውንም፣ አንድ ቀን በር ላይ የቆመች ፍየልንም «ይለፉ» ስትላት ሰምቻለሁ። እኔን ብቻ ከብዙ ወራት በኋላ «አንቺ» አለችኝ። ቢሮዬ ድረስ መጥታ ስቴንስል ላይ ስጽፍ ታየኝ ነበር፤ የአባቴን ሥራ ስነግራት ዓይኗ በራ። በማግሥቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ ይዛ መጣች፤ ድንጋይ፣ ብሩሽ፣ ስስ ወረቀት፣ አንዲት ጥቁር የቀለም ዘንግ። ዘንጓ በወርቅማ ጽሕፈት ያጌጠች ነበረች፤ እናቷ ናቸው የሰጧት። እንድሪስ ሱቅ ወስደን ብናስሸትተው «ወላሂ ይኸማ ካፉር ነው» አለ፤ «እኛ ለከፈን ነው የምናደርገው። እናንተ አገር በዚህ ነው የሚጻፈው?» አላት። «አዎ፣ እርስዎ ልክ ነዎት» አለች ሐረጓ። «ትንሽ ይገባበታል።» 

ቀዳሚት ሰንበት አባቴ ብዕር ስለማያነሡ፣ ሐረጓ በየቅዳሜው እየመጣች ከእሳቸው ጋር ትቀመጥ ጀመር።  አባቴ አንድ ነገር ሲጠይቁ እስከ ሥሩ ነው። «ጥላሸቱ ከምንድን ነው?» ከጥድ ነው አለቻቸው፤ የጥድ ጭስ ሰብስበው፣ ከበሬ ቆዳ በተቀቀለ ሙጫ ያቦኩታል። «የእኛ ከድስት ቂጥ ነው፤ ግን ቆዳ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ» አሉ ረክተው። ማን አስተማራችሁ ሲሏት፣ ጽሕፈቱ ከቻይና ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ፣ የቡድሃ መነኮሳት የጸሎት መጽሐፋቸውን እየቀዱ በየገዳሙ እንዳስፋፉት ነገረቻቸው። ለሞተ ዘመድ ጸሎት በእጅ መቅዳት እዚያም አለ፤ የቀዳውም የሞተውም በረከት ያገኛል ይላሉ። ሻዩ እንኳ የመነኮሳት ነበር አለች፤ ተቀምጠው ሲያሰላስሉ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው የሚጠጡት። አበባ በዕቃ እያሳመሩ ማስቀመጡም መጀመሪያ ለመሥዋዕት ነበር፣ ኋላ የቤት ጥበብ ሆነ አለች። አባቴ መነኮሳቱ ሥጋ እንደማይበሉ ሲሰሙ «ይጾማላ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ ዘመድ እንደተገኘላቸው ሁሉ። «ሲጽፉ በማን ስም ይጀምራሉ?» አሏት። ሐረጓ አሰበችና «መጀመሪያ ዝም እንላለን። ቀለሙን ስንፈጭ ልባችን ይረጋል። ከዚያ እንጽፋለን» አለች። «ዝምታም አምላክ አለው» አሉ አባቴ። አንድ ጊዜ ግን ከጥራዙ አንዲት ቅጠል ፎቶ ላንሣ ስትላቸው «ከመቅደላ የሄደው ይበቃል ልጄ» ብለው በሳቅ ከለከሏት፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብኝ።

የማይስማሙበት አንድ ነገር ነበር፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እየሰማሁ ነው ያለፈኝ። አባቴ ፊደል ሲሳሳቱ በስለት ፍቀው ደግመው ይጽፉበታል፤ ብራናው ይችላል። ሐረጓ ይህን አይታ ደነገጠች። እነሱ ዘንድ ብሩሹ አንዴ ወረቀቱን ከነካ አይመለሱበትም፤ ቢወፍርም ቢቀጥንም፣ ቀለሙ መሐል ላይ አልቆ ነጭ ነጭ ቢታይም ያው ነው። የዚያ ሰው ልብ በዚያ ሰዓት እንዲያ ነበረና። «መልሶ መንካት መዋሸት ነው» አለች። አባቴ «ተይ እንጂ» አሏት። «ቃሉ የእኔ አይደለም። የእኔ ልብ በዚያ ሰዓት ምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? እጄ እንዳይታይ ነው የምደክመው።» «እኛ ደግሞ እጃችን እንዲታይ» አለች ሐረጓ። ሁለቱም ተሳሳቁ። እኔ በዚያን ጊዜ አባቴ ፊት መቃ እየቀረጽሁ ነበር፤ ልቤ የነበረው ነገ ማድመቅ ያለብኝ ገጽ ላይ ነው።

በሁለተኛው ክረምቷ መግቢያ ላይ ለሐረጓ ደብዳቤ መጣ። እናቷ ሞተዋል፤ ደብዳቤው ደሴ ሁለት ወር ከርሞ ነው የደረሰው። አላለቀሰችም። ያንን ዘንግ አወጣች። የተከራየችው ቤት ጣራው ስለሚያፈስ የእኔን ቢሮ ለመነችኝና ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘረጋች። ቀለሙን ስትፈጭ አንድ ሰዓት ያህል ሄደ፤ የዘንጉ ቁራጭ በጣቷ መሐል እስኪያልቅ ፈጨችው። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አንዲት ትልቅ ፊደል ጻፈች። ምን ማለት ነው አልኋት። «ሕልም» አለችኝ። «ሰው ሲሞት የሚጽፏት መነኮሳት አሉ።» የሚደርቀውን እንድጠብቅላት ነግራኝ ወደ ክፍል ሄደች። እኔ ፊደሉን አየሁት። መጀመሪያው ጥቁር ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ብሩሹ ቀለም ጨርሶ፣ የሳር መጥረጊያ አቧራ ላይ እንደሚተወው ዓይነት ነጭ ጭረት ትቷል።  ይህች ምስኪን አልሁ፤ ለእናቷ የጻፈችው ቀለም አልቆባት ጎደሎ ቀረ፣ በእንባ አላየችውም። ቦርሳዬ ውስጥ የአባቴ ቀለም በትንሽ ብልቃጥ ነበረ። መቃ ነበረኝ። በሩን ገፋ አድርጌ፣ እጄ እንደለመደው፣ ነጩን ሁሉ አንድ በአንድ ሞላሁላት። ሲያልቅ ያማረ ጥቁር ፊደል ሆነ። ወደኋላ ብዬ አየሁትና እንዴት ደስ ትሰኝ ይሆን እያልሁ ጠበቅኋት።

ገብታ ቆመች።  ከዚያ ወንበሩን ስባ እንደ በሽተኛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ የቅዳሜ ጨዋታ ባንድ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ድንጋጤዬ ሌላ ጥፋት ወለደ፤ ስለቴን ከቦርሳዬ መዥረጥ አድርጌ የሞላሁትን ልፍቅ ጀመርሁ። ወረቀቱ ብራና አይደለም፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው፤ በሁለተኛው ጭረት ተቀደደ። ሐረጓ እጄን ያዘችው። «ተዪው» አለችኝ። «ለምን እንዳደረግሽ ብቻ ንገሪኝ።» እዚህ ላይ ነበር እግሯ ላይ ወድቄ ማሪኝ ማለት የነበረብኝ። ግን ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነና «እኛ ዘንድ እንዲህ ነው» አልኋት። «ልጅ የወላጇን ሥራ ታድሳለች። ለአባቴም የደበዘዘውን ሁሉ የማደምቅላቸው እኔ ነኝ፤ በየቀኑ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ልማድ ነው።» ሐረጓ ፊቴን ፈትሻ አየችኝና ቀስ በቀስ ፊቷ ፈታ አለ። «አልገባኝም ነበር» አለች። «ለእናቴ እንደ ልጅ ሠራሽላት ማለት ነው?» አዎ አልኋት። ወረቀቱን ከነቅዱ አጥፋ ሹራቧ ውስጥ አስገባችና ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ። እኔም ከዚያች ቢሮ ተርፌ ወጣሁ ብዬ ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። አባቴ ኀዘኗን ሰምተው ስለነበር «አብሽሪ ልጄ፣ እናት አትተካም፣ ግን አብሽሪ» አሏት። እሷም አክብሮቷን ልትገልጽላቸው ፈልጋ፣ ቃሉን ስትለማመድ እንዳደረች እስኪያስታውቅ ድረስ አሳምራ፣ «የኔታ፣ የአገርዎን ልማድ ከየሺ ተማርሁ። እርስዎ የጻፉትን የደበዘዘውን ሁሉ በኋላ እንደምታደምቅልዎት፣ ለእናቴም አደረገች። እርስዎ በጣም ጥሩ ልጅ አሳደጉ» አለቻቸው።  እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ። «ሁሉን?» አሉ አባቴ ቀስ ብለው። «ሁሉን» አለች ሐረጓ ፈገግ እንዳለች። «በየቀኑ። ሦስት ዓመት ሆነ አለችኝ።» አባቴ እንግዳ የማያሳፍሩ ሰው ናቸው። «ደግ ልጅ ናት» አሉ። ዳቦ ቁረሽላት አሉኝ፤ ስለ መንገዷ፣ ስለ ተማሪዎቿ ጠየቋት፤ እስከ ደጁ ሸኟት። እሷ ምንም ሳታውቅ በሁለተኛው ወር ጊዜዋ አልቆ ወደ አገሯ ሄደች። ከእንድሪስ ሱቅ ማዕዘን ላይ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ ለአባቴ ብላ አንድ ብሩሽ ስጦታ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጽፋልኛለች። ሁለቱም ላይ መጽሐፉ አልቆ እንደሆነ ትጠይቃለች። አልመለስሁላትም። ምን ብዬ? ታይፑ እፊቴ ነበር፣ ወረቀት ነበረኝ፣ እጄ ግን እንቢ አለ።

መጽሐፉ አላለቀም። አባቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ብዕር አልነኩም። ሰው ሲጠይቃቸው ዓይኔ ነው ይላሉ፤ እውነትም ዓይናቸው በዓመቱ ጨርሶ ጠፋ። ደብሩ ትንሽ ጠበቀና ማተሚያ ቤት የወጣ መጽሐፍ ገዛ፤ ነጭ ወረቀት፣ ፊደሉ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ የሚደበዝዝ የሌለው። የአባቴን ጥራዝ ባለበት ደጉሰው ዕቃ ቤት አስቀመጡት። ዛሬ በዚህ አገር ብራና የሚወጥር ሰው ካለ አላውቅም፤ የፍየሉ ቆዳም መንገድ ሲዘጋ ባለበት ይበሰብሳል። ልጆቹ ዓረብ አገር ናቸው፣ ወይም ጫካ ናቸው፣ ወይም የት እንዳሉ አይነገርም። የእኔም እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስሜን ለጡረታ ስፈርም ጸሐፊዋ ልጅ «እማማ፣ አሻራ ያድርጉ ይሻላል» አለችኝ። አደረግሁ። አምና ደግሞ አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ በየደብሩ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በስልኩ እያነሣ ሲመዘግብ ካህኑ ወደ እኔ መሩት። ያንን ጥራዝ በፎቶ አሳየኝ። «እንዲህ ያለ ንጹሕ እጅ አላየሁም» አለኝ። «ግን ጸሐፊው ስሙን አልተወም። የዚህ ከተማ ሰው ነው ይላሉ፤ እርስዎ ያውቁት ይሆን?» አላውቅም አልሁት። አመስግኖኝ፣ እያየሁት ደብተሩ ላይ «ጸሐፊው ያልታወቀ» ብሎ ጽፎ ሄደ።

ለዚያ ልጅ ያልነገርሁት ይህ ነው። ያን ቅዳሜ ሐረጓን ሸኝተው ሲመለሱ አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ አለቅስና ያልፍልኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው «ጥራዙን አምጪው» አሉኝ። አመጣሁት። «አሁን እውነቱን ነው የምትነግሪኝ» አሉ። «አንቺ ያልነካሽውን አንድ ገጽ አውጪልኝ።» መጀመሪያ ላይ ያለ መሰለኝ፤ ገለጥሁ። የለም። መሐሉ ላይ ያለ መሰለኝ፤ የለም። አንድ መስመር አሉኝ። ከመስመሮቹ መሐል ፈለግሁ፤ ግን የእሳቸውን እጅ እንዲመስል ሦስት ዓመት የደከምሁበት ስለሆነ የቱ የእሳቸው የቱ የእኔ እንደሆነ እኔም መለየት አቃተኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ያለምንም ድክመት ነበር የጻፉት፤ እዚያ እንኳ ለማሳመር ብዬ ገብቼበታለሁ። «አባዬ፣ ሁሉም የእርስዎ ነው፤ እኔ የሄድሁት በእርስዎ መንገድ ላይ ነው» አልኋቸው። «እንዲያማ ካልሽ እኔም አላውቀውም፣ አንቺም አታውቂውም፣ ካህኑም አያውቀውም» አሉኝ። «ያልጻፍሁትን ጻፍሁ ብዬ የሰው ጸሎት አልሰርቅም። ስሜን አውጪው።» አባዬ ይተዉ አልኋቸው። ጉልበታቸውን ይዤ ለመንሁ። «እኔ እንዳልፍቀው አላይም» ብቻ ነው ያሉኝ። ስማቸው ሰባት ቦታ ነበር። ሰባቱንም የጻፉት ገና ዓይናቸው ሳይፈዝ ይሁን ከፈዘዘ በኋላ፣ ቀዩ ቀለም የእሳቸው ይሁን የእኔ፣ ያኔም አላወቅሁም። ስለቱን አምጥቼ ጀመርሁ። እሳቸው ጆሯቸውን አቅንተው የስለቱን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ገጽ ስገልጥ ለመቁጠር ጣታቸውን ያጥፋሉ። ስድስቱን ጨረስሁ። ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ። ስሙን ትቼ ጎኑ ያለውን ባዶ ብራና ብፍቀው ድምፁ ያው ነው፤ ስማቸው እዚያች ደብር ውስጥ በየዓመቱ ይጠራ ነበር፣ እሳቸውም አያውቁም ነበር። ሳያውቁ ላድርግላቸው ብዬ ነው ግን እዚህ ያደረስኋቸው። ሰባተኛውንም ፋቅሁት።